የፊታውራሪ ልጅ አውቶቡስ ስትሳፈር

ለሻሸመኔ ሰው ስለ አውቶቡስ ማስረዳት ‹ለቀባሪው አረዱት› ነው። ከተማችንን የወለዳትም ያሳደጋትም መንገድ ነው። ወደ ሰሜን 250 ኪሎ ሜትር ገደማ አዲስ አበባ፣ ወደ ደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዋሳ፣ በኮፈሌ በኩል ባሌ፣ በሀላባ በኩል ወላይታ ሶዶ። ስሟንም ያገኘችው፣ ሽማግሌዎች እንደሚያወሩት፣ ሻሼ ከምትባል ሴት ነው። መንገደኛ አረፍ ብሎ የሚበላ የሚጠጣበት ‹የሻሼ ቤት›፣ በኦሮምኛው ‹ሻሼ መና›። እስቲ አስቡት፤ ነጋዴውም፣ ጭሰኛውም፣ ጭቃ ሹሙም፣ እረኛውም ጎን ለጎን ተቀምጠው ከአንዲት ሴት እጅ የሚበሉበት ቤት ነው ለከተማ ስም የሆነው።

ይህን ያነሳነው ስለ ሆቴል ንግድ ልናወራ አይደለም። ስለ ፊልም ነው። ሀብታም ከድሃ፣ ባላባት ከገባር፣ ልዕልት ከጋዜጠኛ ስለሚዋደዱባቸው ፊልሞች። በእኛ አገር ፖስተር ላይ ‹አስቂኝ የፍቅር ፊልም› ተብሎ የሚጻፍባቸው ማለት ነው። ስንከራከርባቸው ከርመናል፤ ከክርክሩ መሐል ደግሞ አንዲት ጥያቄ እምቢ ብላ ቀረች። ያው አንድ ዓይነት ታሪክ ፈረንጅ ጋ ሲደርስ የሚያስቀው፣ እኛ ጋ ሲደርስ የሚያስለቅሰው ለምንድን ነው? የአሜሪካዋ የሚሊየነር ልጅ ከአባቷ ቤት ጠፍታ ባል አገኘች፤ የእኛዋ የፊታውራሪ ልጅ ከአባቷ ቤት ጠፍታ መነኮሰች። መልሱ ‹እነሱ ቀልደኞች፣ እኛ ሐዘንተኞች ስለሆንን› የሚል አይደለም፤ ያንን የሚል ሰው የእኛን መናኸሪያ አያውቅም።

ከፈረንጆቹ እንጀምር (ዓመታቱንም ለእነሱ በእነሱው አቆጣጠር እናስቀምጣለን)። በ1934 ፍራንክ ካፕራ የሚባል ዳይሬክተር ‹ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት› የሚል ፊልም ሠራ። መነሻው ‹የሌሊት አውቶቡስ› የሚል አጭር ልቦለድ ነበር፤ ከርዕሱ እንደምታዩት ነገሩ ከመጀመሪያውም የመናኸሪያ ነገር ነው። ኤሊ አንድሩስ የምትባል የቱጃር ልጅ አባቷ ያልፈቀደውን ሰው አግብታ፣ አባትዬው ማያሚ ላይ መርከብ ውስጥ ቆልፎ ሲያስቀምጣት ባሕር ውስጥ ዘልላ ታመልጣለች። ከዚያ ወደ ኒው ዮርክ በሕዝብ አውቶቡስ ትሳፈራለች። አጠገቧ የሚቀመጠው ከሥራው የተባረረ ጋዜጠኛ ነው። ሻንጣዋ ይሰረቃል፣ ገንዘቧ ያልቃል፣ ወረፋ ጠብቃ ሻወር ትወስዳለች፣ ዳቦ ቡና ውስጥ ነክሮ መብላት ትማራለች። ጋዜጠኛው በአንድ ክፍል ለማደር ሲገደዱ በሁለቱ አልጋዎች መሐል ገመድ ወጥሮ ብርድ ልብስ ይሰቅላል፤ ‹የኢያሪኮ ግንብ› ይለዋል። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያውቅ ሰው ግንቡ መጨረሻ ላይ ምን እንደሚሆን ይገባዋል።

ይህን ፊልም ያየው ሕዝብ ማን ነበር? ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የሰበረው፣ ሥራ ያጣ፣ ባንክ ገንዘቡን የበላበት ሕዝብ። ለዚያ ተመልካች የሚሊየነር ልጅ መንገድ ዳር ቆማ ሊፍት ስትለምን ማየት ከሳቅም በላይ ነበር። ‹እኛ የለመድነውን እሷም ትቅመሰው› የሚል አለበት። ያም ሆኖ ፊልሙ ሀብታሟን አይጠላትም፤ አውቶቡሱ ያስተምራታል እንጂ አይቀጣትም። በዚያ ዓመት የኦስካር አምስቱን ዋና ዋና ሽልማቶች (ፊልም፣ ዳይሬክተር፣ ተዋናይ፣ ተዋናይት፣ ጽሑፍ) ጠራርጎ የወሰደ የመጀመሪያው ፊልም ሆነ። ከዚያ በኋላ ሆሊውድ ይህን መንገድ አልለቀቀውም።

ግን አንድ የማይረሳ ነገር አለ። አባትዬው! በፊልሙ ማብቂያ ኤሊ ነጭ ልብሷን ለብሳ ወደ ሠርጉ ስትራመድ፣ ክንዷን ይዞ የሚወስዳት አባቷ ቀስ ብሎ ጆሮዋ ላይ ‹መኪናው በጓሮ በር ቆሟል፣ ሩጪ› ዓይነት ነገር ይነግራታል። ቱጃሩ ራሱ ልጁን ለሥራ ፈቱ ጋዜጠኛ ያስመልጣል። ይህ አባት ነው ታሪኩን አስቂኝ ያደረገው። አባቱን ቀይሩትና ፊልሙ ሌላ ይሆናል።

አሁን ወደ እኛ አባት እንምጣ፤ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ።

ሐዲስ ዓለማየሁ ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ታሪኩን የማያውቅ አንባቢ እዚህ ገጽ ላይ አይገኝም ብለን እናምናለን፤ መጽሐፉን ያላነበበ እንኳ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቷል፣ ወይም እናቱ ሰምታ ነግራዋለች። በዛብህ የገበሬ ልጅ ነው፣ ቅኔ የተማረ፣ በስዕለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ ልጅ ናት። እሱ ሊያስተምራት ቤታቸው ይገባል። እስኪ ይህን ብቻ ለአንድ የሆሊውድ ጸሐፊ ስጡት፤ ‹አስተማሪና የባለጸጋ ልጅ! በሁለት ሰዓት ሳቅ እጨርሰዋለሁ› ይላችኋል። ደግሞም መጽሐፉ ሳቅ የሌለበት አይደለም። ፊታውራሪ መሸሻ በገዛ ገበሬዎቻቸው ላይ ሊዘምቱ ተነሥተው ራሳቸው የተማረኩበት ክፍል ከየትኛውም ኮሜዲ አያንስም። ጉዱ ካሣም አፉን በከፈተ ቁጥር ስቀን ነው የምንነክሰው።

እና ለምን በሳቅ አላለቀም? መንገዱን እዩት። ሰብለም እንደ ኤሊ ልብሷን ለውጣ ከአባቷ ቤት ጠፍታ ወጥታለች። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ የድሃ ጉዞ ተጉዛለች። ልዩነቱ የእሷ መንገድ ሰው የሚሞትበት መሆኑ ነው። በዛብህ የሞተው መንገድ ላይ በደረሰበት ጥቃት ነው፤ የደረሰችበትም ለስንብት ያህል ነው። ኤሊ አንድሩስ የተሳፈረችበት አውቶቡስ መነሻና መድረሻ ሰዓት አለው፣ ትኬቱን የከፈለ ሁሉ እኩል ይቀመጣል። በሰብለ መንገድ ላይ ግን ያለ አጀብ የሚሄድ ሰው ምንም ነው። አባትየውም ‹መኪናው በጓሮ ቆሟል› የሚሉ ዓይነት አይደሉም። ቢሉም እንኳ ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ የአጥንት ጥያቄ ነው። ገንዘብ ይገኛል፣ ይጠፋል፤ የአሜሪካው ጋዜጠኛ ነገ ሀብታም ሊሆን ይችላል። በዛብህ ግን ነገም ከነገ ወዲያም የቦጋለ መብራቱ ልጅ ነው።

ይህን ካየን በኋላ ነው ነገሩ የታየን፤ አስቂኝ የፍቅር ፊልም የሚወለደው አጥሩ ሊዘለል የሚችል ሲሆን ነው። ካልተቻለ ግን ልቅሶ ነው። በ1967 ዓ.ም. የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ተከተለ። ባላባትና ጭሰኛ የሚባለው ሥርዓት በሕግ አበቃ። አዋጁ ስለ ፊልም አንድ ቃል አይልም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በአማርኛ የተሠራ የፍቅር ታሪክ ውስጥ እንደ ፊታውራሪ መሸሻ ያለ አባት ሲመጣ እንደ ተረት ሰው ነው የሚመጣው። ቦታውን የወሰደው ባለ ቪላው ነው።

ከሕጉ በፊት ግን አንድ የቀደመ ሰው ነበር፤ እሱን ሳናነሳ ማለፍ ግፍ ነው። መንግሥቱ ለማ። ለንደን የተማረ፣ ሀገሩ ሲገባ ደግሞ የአማርኛን ኮሜዲ በመድረክ ላይ ያቆመ ሰው ነው። ‹ጠልፎ በኪሴ› በጠለፋ ጋብቻ ላይ የሚሳለቅ ነው። በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ የወጣው ‹ያላቻ ጋብቻ› ግን በቀጥታ የእኛ ጉዳይ ነው። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ የባላባት ዘር፣ ባሕሩ፣ የአዲስ አበባውን ኑሮ ትቶ ገጠር ያስተምራል፤ የቤት ሠራተኛውን ያፈቅራል፣ ያገባል። ዘመዶቹ ደግሞ ‹ለአቻህ› ብለው ያዘጋጁለት አላቸው። ቃሉን ልብ በሉ፤ ‹አቻ›። ጋብቻ ማለት ሚዛን ነው፣ ሁለቱ ወገኖች እኩል መመዘን አለባቸው ማለት ነው። መንግሥቱ ለማ ያንን ሚዛን አንሥቶ መድረክ ላይ አስቀመጠና ሕዝቡን አሳቀበት።

‹ፍቅር እስከ መቃብር› እና ‹ያላቻ ጋብቻ› በሁለት በሦስት ዓመት ልዩነት የወጡ ናቸው። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረጅም ፊልም ‹ሂሩት አባቷ ማነው› የተሠራውም በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ርዕሱ ራሱ ‹የማን ልጅ ናት?› ብሎ የሚጠይቅ። ሦስቱንም ስታዩ በዚያን ጊዜ አየሩ ውስጥ የነበረው ጥያቄ ምን እንደሆነ ይገባችኋል። ታዲያ ለምን አንዱ አሳቀ፣ ሌላው አስለቀሰ? የእኛ መልስ እንዲህ ነው፤ ብዙ ሰው አይወደውም። በመንግሥቱ ለማ ታሪክ ከፍ ያለው ወገን ወንድ ነው። ወንድ ባላባት ሠራተኛውን ቢያገባ ዘመድ ያኮርፋል፣ አክስት ትጮኻለች፣ ሳቅ ይሆናል። ሴቷ ከፍ ብላ ወንዱ ዝቅ ሲል ግን ደም ነው። ስለዚህ የሐዲስ ታሪክ ኮሜዲ ሊሆን አይችልም ነበር፤ ደራሲው ፈሪ ሆነው ሳይሆን ያዩትን ስለጻፉ ነው።

መንግሥቱ ለማ ለንደን ሲኖሩ ስለ በርናርድ ሾው አለመስማት አይቻልም ነበር። ሾው በ1913 ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የወጣው ‹ፒግማሊየን› የአበባ ሻጭዋን ልጅ፣ የኤላይዛን፣ ታሪክ ይናገራል። አንድ የቋንቋ ምሁር አነጋገሯን አስተካክሎ ‹ወይዘሮ› አድርጎ ሊያቀርባት ይወራረዳል። በ1964 ‹ማይ ፌር ሌዲ› ሆኖ በፊልም ወጥቶ ስምንት ኦስካር ወሰደ። ይህ ታሪክ ለእኛ ለክፍለ ሀገር ልጆች ልዩ ነው። ምክንያቱም የክፍል አጥር ገንዘብ ብቻ ሳይሆን አፍ ውስጥም እንዳለ ይነግረናል። አዲስ አበባ ሄደህ ‹ከሻሸመኔ ነኝ› ስትል መጀመሪያ ‹ጃማይካዎቹ ጋ?› ይሉሃል፤ ቀጥሎ አማርኛህን ያዳምጣሉ። ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ጉራግኛ በአንድ መናኸሪያ ውስጥ ሲነገር ያደገ ምላስ ትንሽ ቅላጼ መያዙ አይቀርም። በአማርኛ ፊልሞቻችን ውስጥ ያ ቅላጼ ማን አፍ ውስጥ እንደሚገባ ደግሞ ታውቃላችሁ። የዘበኛው። የሠራተኛዋ። እንድንስቅ። አፍቃሪው ‹ጥርት ያለ› አማርኛ ነው የሚናገረው፣ ድሃ ቢሆንም እንኳ! ኤላይዛን ሰባት ጊዜ ቢያዩ ኖሮ የእኛ ጸሐፊዎች እንዲህ አያደርጉም ነበር እንላለን።

ሌላዋን ሳናነሳ አናልፍም፤ ኦድሪ ሄፕበርንን። ‹ሮማን ሆሊዴይ› (1953) ውስጥ ልዕልት ሆና ከቤተ መንግሥት ትጠፋለች፣ ሮም ውስጥ ከአንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ጋር አንድ ቀን በቬስፓ ትዞራለች፣ አይስክሬም ትበላለች፣ ፀጉሯን ትቆረጣለች። ከዚያ ትመለሳለች። አይጋቡም! ይህ ፊልም ከዘመዶቹ ሁሉ የሚለየው በዚህ ነው፤ አጥሩን ዘለሉ፣ አዩ፣ ተመለሱ። ጽሑፉን የጻፈው ዳልተን ትራምቦ በኮሚኒስትነት ተከሶ በሆሊውድ ጥቁር መዝገብ ላይ ስለነበር ስሙ በፊልሙ ላይ አልወጣም፤ ኦስካሩ በሌላ ሰው ስም ተሰጠ፣ ለእሱ የደረሰው በ1993፣ ከሞተ በኋላ ነው። ስለ መደብ ፍቅር የሚያወራ ፊልም ራሱ በስም ተደብቆ መኖሩ አይገርምም? ሄፕበርን በዓመቱ ‹ሳብሪና› ውስጥ የሾፌር ልጅ ሆና ተመለሰች፤ ከልዕልትነት ወደ ሾፌር ልጅነት፣ በአንድ ዓመት። ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ በ1988 የዩኒሴፍ አምባሳደር ሆና የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው ወደ ኢትዮጵያ ነው፤ መቀሌ ውስጥ በረሃብ የተጎዱ ሕፃናት ያሉበትን ማሳደጊያ ጎብኝታለች። ያቺ ልዕልት እውነተኛውን ድህነት ያየችው እኛ አገር ነው ማለት ነው፤ ያኔ ካሜራው ለሌላ ጉዳይ ነበር።

እንግዲህ እነዚህ የጥቁርና ነጭ ፊልሞች ሻሸመኔ ደርሰው ነበር ወይ ብትሉን፣ የደረሱት በዙር ነው። አዲስ አበባ ከወረራው በፊት ጀምሮ ሲኒማ አይታለች፤ ሕዝቡ የመጀመሪያውን ማሳያ ‹ሰይጣን ቤት› ብሎ ነው የጠራው። ወደ እኛ ዓይነት ከተማ ፊልም በብዛት የገባው ግን በቪዲዮ ነው፣ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዓመታት። ታላላቆቻችን የሚያወሩት፣ ጭራውን እኛም የደረስንበት ቪዲዮ ቤት፦ በእጅ የተጻፈ ሰሌዳ በር ላይ፣ ጥቁር መጋረጃ፣ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ላብ። ጠዋት ካራቴ፣ ከሰዓት ሕንድ።

ሕንድ! ያላቻ ፍቅርን በእውነት ያስተማረን ካፕራ ሳይሆን ቦምቤይ ነው። ራጅ ካፑር በ1951 ‹አዋራ› ሲሠራ የጎዳና ልጅና ዳኛ ቤት ያደገች ሴት አፋቀረ፤ በ1973 ‹ቦቢ› ውስጥ የሀብታም ልጅን ከዓሣ አጥማጅ ልጅ ጋር አገናኘ። በ1989 የወጣው ‹ሜኔ ፕያር ኪያ› ውስጥ ደግሞ የቱጃሩ ልጅ የመካኒኩን ልጅ ሲፈልግ፣ መካኒኩ አባት ‹በላብህ በአንድ ወር 2,000 ሩፒ ሠርተህ አምጣ› ይለዋል። ልጁ ሎሪ ይነዳል፣ ድንጋይ ይፈልጣል። ይህን ለሻሸመኔ ልጅ ማሳየት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት! ሎሪና አይሱዙ የማያውቅ ሰው እኛ ጋ የለም። ልዑሉ ወርዶ ጭነት ላይ ሲወጣ ማየት፣ ፈተናውን የሚያወጣውም ድሃው አባት መሆኑ። በ1996 ደግሞ ‹ራጃ ሂንዱስታኒ› መጣ፣ ባለ ታክሲና የሀብታም ልጅ። ረዳቶች ሁሉ የዚያን ፊልም ዘፈን ሲያፏጩ ነበር፤ ቃሉን ሳያውቁት።

ሕንድ ለምን ገባን፣ ካፕራ ለምን ራቀን? ዘፈኑ አንድ ነገር ነው። ዋናው ግን ሽምግልናው ነው። የሕንድ ፊልም ውስጥ ሁለት ሰዎች አይጋቡም፣ ሁለት ቤቶች ናቸው የሚጋቡት። አባት አለ፣ እናት ታለቅሳለች፣ አጎት ያቃጥራል፣ ‹የማን ልጅ ነህ?› ይባላል። እኛም ጋ እንዲሁ ነው። ሽማግሌ ተልኮ ቁጭ ብሎ ‹ልጃችሁን ለልጃችን› ሲል፣ የሚጠየቀው ልጁ ምን እንደሚወድ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አልወደድንላቸውም፤ ሆሊውድንም ቦምቤይንም አንድ የሚያደርጋቸው ማጭበርበር ነው። ድሃው በመጨረሻ ድሃ አይሆንም! ‹ማይ ማን ጎድፍሬይ› (1936) ውስጥ ከቆሻሻ መጣያ ሰፈር የተወሰደው አሳላፊ ለካ የትልቅ ቤተሰብ ልጅ ነው። ‹አዋራ› ውስጥ ሌባው ለካ የዳኛው የገዛ ልጁ ነው። ስንት የሕንድ ፊልም በአንገት ሐብልና በልደት ምልክት እንዳለቀ አትጠይቁን። አጥሩን ዘለልን ብለን ስናጨበጭብ፣ ለካ ሁለቱም መጀመሪያውኑ አንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ። ለዚህ ነው ‹ያላቻ ጋብቻ› የሚደነቀን፤ ሠራተኛዋ ሠራተኛ ናት፣ የጠፋች ልዕልት አይደለችም።

ወደ እኛው ፊልሞች እንመለስ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በቪዲዮና በዲጂታል ካሜራ የሚሠሩ የአማርኛ ፊልሞች ሲኒማ ቤት መግባት ጀመሩ፤ የቴዎድሮስ ተሾመ ‹ቀዝቃዛ ወላፈን› መንገድ ከከፈቱት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የአድማሱ ከበደ ‹የወንዶች ጉዳይ› ደግሞ ሕዝብ ለሳቅና ለፍቅር ተሰልፎ ትኬት እንደሚቆርጥ አሳየ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ጎርፍ ሁላችንም እናውቀዋለን። በቪሲዲ ሻሸመኔ ሲደርስ ሽፋኑ ላይ ሁልጊዜ ሁለት ሰዎች ጀርባ ለጀርባ ቆመው እጃቸውን አጣጥፈው ነበር (ማን እንዳስተማራቸው እንጃ)።

የእነዚህ ፊልሞች ባለጸጋ ማን ነው? አስመጪው አባት፣ ቦሌ ያለው ቪላ፣ ከሁሉ በላይ ግን ከአሜሪካ የመጣው ሰው። ዳያስፖራ አዲሱ ፊታውራሪ ነው። ድሃው ልጅ ‹ከውጭ ነው የመጣሁት› ብሎ ይዋሻል፣ የጓደኛውን ሱፍ ይዋሳል፣ የማያውቀውን እንግሊዝኛ ያንጋጋል፣ ይያዛል። እንስቃለን። ሳቁም ትክክል ነው፤ ምክንያቱም አጥሩ አሁን ሊዘለል የሚችል ነው። ዲቪ የደረሰው የሰፈራችን ልጅ በሦስት ዓመት ውስጥ ባለ ቪላ ሲሆን ዓይናችን አይቷል። አጥንት አይጠየቅም፣ ገንዘብ እንጂ። ከፊታውራሪ መሸሻ ወደ ዳያስፖራው የተሻገርነው በስድሳ ዓመት ነው፤ በአጥሩ ስር መግባት ያልተቻለበት ቦታ አሁን ቢያንስ መቅለጃ ሆኗል።

ግን እዚህ ላይ እንቁም። ሁሉም አጥር ገንዘብ ሆኗል ማለት ውሸት ነው። ከእኛ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ በሲዳማም በሌሎችም አካባቢዎች፣ ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ብረት ቀጥቃጩ ለዘመናት ከሌላው ጋር እንዳይጋባ ተከልሎ ኖሯል። ሸክላው ይገዛል፣ ጀበናው ቤት ይገባል፤ ልጁ ግን አይገባም። አዋጁ መሬትን አከፋፈለ፣ ይህን ግን በአንድ ቀን ሊያነሣው አልቻለም። ስለዚህ አጥር የተሠራ አስቂኝ ፊልም እኛ አላየንም፤ ማንም ሊስቅበት ገና አልደፈረም። ቀጥቃጭ አባት ያላት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምትወደው ልጅ ‹የማን ልጅ ናት?› ሲባል አፉ የሚታሰርበት ቅጽበት አለ። ያ ትዕይንት ሐዲስ ዓለማየሁን እንጂ ካፕራን አይጠራም።

ሁለተኛው ነገር ሠራተኛዋ ናት። ከአካባቢያችን ገጠር መጥተው ከተማ ቤት የሚያገለግሉ፣ ማታ ማታ ደብተር ይዘው የማታ ትምህርት የሚሄዱ ልጆችን ሁላችንም እናውቃለን፤ የብዙዎቻችን ምሳ በእነሱ እጅ ነው የሚሠራው። ፊልሞቻችን ውስጥ ሚናቸው ምንድን ነው? ሻይ ይዘው መግባት፣ በር ላይ ቆሞ ወሬ መስማት፣ ‹ኧረ እትዬ!› ብሎ መጮህ። ካሜራው ፊታቸው ላይ ሦስት ሰከንድ አይቆይም። መንግሥቱ ለማ ግን ያን ጊዜ፣ ንጉሡ በዙፋን ላይ ሳሉ፣ ሠራተኛዋን የታሪኩ ባለቤት አደረጋት። ዛሬ ፊልም ጸሐፊ የሆነ የእኛ ዘመን ልጅ ከሰውየው ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ነው? እኛ አዎ እንላለን፤ ያልተስማማ ይጻፍልን።

ሦስተኛው ነገር አውቶቡሱ ነው። የካፕራ ፊልም የቆመው ኤሊ አውቶቡስ ላይ ስለወጣች ነው፤ ሀብታሟና ድሃው አንድ ወንበር ስለተጋሩ። ሻሸመኔ መናኸሪያ ዛሬም ሙሉ ነው። ነገር ግን የባለጸጋው ልጅ እዚያ የለም። መስታወቱ በጠቆረ መኪና ከተማችንን በስድስት ደቂቃ አቋርጦ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ይወርዳል፤ ቢቆምም ለነዳጅ ነው። ትምህርት ቤቱ ሌላ፣ ክሊኒኩ ሌላ፣ ካፌው ሌላ። ታዲያ የት ይገናኙ? ለዚህም ይመስለናል አዳዲሶቹ ፊልሞች መገናኛውን እየተቸገሩ በአደጋ የሚፈጥሩት፤ ሀብታሟ በመኪና ድሃውን ትገጨዋለች፣ ከዚያ ፍቅር። የማያምር አይደለም፤ ግን ስንቴ?

ፊልም ጸሐፊዎቻችን ሐሳብ ካጡ ወደ ኮፈሌ መንገድ ብቅ ይበሉ። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ‹አሴና› የሚባል የጋብቻ ዓይነት ነበር፤ አሁን ቢያንስም ስሙ አልጠፋም። ልጅቷ ራሷ ወደምትፈልገው ሰው ቤት ሄዳ ትገባለች። ተጠርታ አይደለም፣ ሽማግሌ ተልኮላትም አይደለም። ገብታ ትቀመጣለች። ባህሉ ቤተሰቡ እንዲህ በቀላሉ ‹ውጪ› እንዳይላት ያስራል፤ ሽማግሌዎች ነገሩን የሚያስተካክሉት ኋላ ነው። ነገሩን ሁሉ ማር አናድርገው፤ ብዙ ጊዜ የሚሄዱት ዕድሜያቸው ሄደ የተባሉ፣ ከቤትም ግፊት ያለባቸው ልጆች ነበሩ፣ ልጁም ላይፈልግ ይችላል። ቢሆንም ትዕይንቱን እዩት። ማለዳ ነው። የልጁ እናት ላም እያለበች ቀና ስትል፣ አጥሩን አልፋ ግቢው መሐል የቆመች ልጅ አለች። ልጁ ገና አልነቃም። አባትየው ጋቢውን ደርቦ ይወጣል። የማን ልጅ እንደሆነች ያውቃል፤ የአባቷ ከብት ስንት እንደሆነም ያውቃል፣ ከእሱ በሦስት እጥፍ ይበልጣል። እናትየዋ ወተቱን አስቀምጣ ‹ግቢ› ትላታለች።

ካሜራ ያለው ይምጣ፤ ቡና በእኛ ነው።